ቦኒቶ ማለት

አሰጋሽን ፈንጣጣ የያዛት ገና ሕፃን ሳለች ነው። ነፍሷን ቢምራትም ጠባሳውን ፊቷ ላይ ጥሎ ሄደ። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ስትቀጠር ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። የማሽኑን ጩኸት ብዙዎች ሲያማርሩት እሷ ወደደችው። እዚያ ሁሉም ዓይኑን ክሩ ላይ ተክሎ ስለሚውል የሰው ፊት የሚያይ የለም።

ቀናው የመጣው ከምጽዋ ነው። ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ለዓመታት ሠርቶ፣ ባሕሩ ሲሰለቸው ወደ መሀል አገር ወጣና የፋብሪካው መካኒክ ሆነ። ብዙ የማያወራ ሰው ነው። የአሰጋሽ ማሽን በቆመ ቁጥር እየመጣ ይጠግንላታል፤ ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «በይ ቦኒቶ፣ ደህና ዋይ» ይላትና ይሄዳል። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችውም። የባሕር ሰዎች ሰላምታ ይሆናል ብላ ተወችው። እያደር ግን ያቺን ቃል መጠበቅ ጀመረች፤ ማሽኑ ሳይበላሽ ሲሰነብት ደስ አይላትም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ሳሙና ልትገዛ ታጁ ሱቅ ጎራ አለች። ታጁ ከስልጤ መጥቶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ፣ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ነው። እሷ ሳሙና ስትመርጥ አንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ገባና ቦኒቶ ከጅቡቲ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀ። ታጁም ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ቆርቆሮ አውርዶ ሰጠው። ቆርቆሮው ላይ አፉን የከፈተ፣ ዓይኑ የፈጠጠ ዓሣ ተስሏል።

አሰጋሽ ሳሙናውን እዚያው ትታ ወጣች። ልጅ ሳለች የሰፈሩ ልጆች ያላወጡላት ስም አልነበረም፤ ሁሉንም ችላ አድጋለች። ይሄኛው ግን ልቧን ሰበረው፤ በጉጉት ስትጠብቀው የከረመችው ቃል ነውና።

ሰኞ ቀናው ሲመጣ ፊቷን አዞረችበት። ማክሰኞም እንደዚያው። አጠገቧ የምትሠራው ጠጄ ምን ሆነሽ ብላ ወተወተቻት፤ ስትነግራትም አልሳቀችም። ሰውየውን ሳትጠይቂ አትፍረጂበት አለቻት።

አሰጋሽ ፈረቃው ሲያበቃ የፋብሪካው በር ላይ ጠብቃ አቆመችው።

«እኔ ዓሣ ነው የምመስልህ?» አለችው።

ቀናው መጀመሪያ አልገባውም። ስለ ቆርቆሮው ስትነግረው ደነገጠ፤ ቆቡን አውልቆ ቀስ እያለ አስረዳት። መርከቡ ላይ አንድ ሽማግሌ እስፓኛዊ ምግብ አብሳይ ነበር። መረቡ ሲወጣ፣ ከዚያ ሁሉ ግራጫ ዓሣ መሀል ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ እንደ ብር የሚያበራ ዓሣ ብቅ ባለ ቁጥር ሽማግሌው ሥራውን ትቶ ያየው ነበር። ስሙን ያወጡለት የአገሩ መርከበኞች ናቸው ብሎ ለቀናው የነገረው እሱ ነው። ሰዎቹ በዓሣው መልክ ተደንቀው፣ በአገራቸው ለደስ የሚል ነገር የሚሉትን ቃል ለሱ ሰጡት አለ።

«ምን ማለት ነው ታዲያ?»

«ቆንጆ ማለት ነው።»

አሰጋሽ ሲዋሽ ልትይዘው ዓይን ዓይኑን አየችው። አልሸሸም።

«ለምን በአማርኛ አላልከኝም?»

«በአማርኛ ብልሽ የማሾፍብሽ ይመስልሻል ብዬ ፈራሁ» አለ።

«እስቲ በለኝ።»

አላት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ በአጠገባቸው የሚያልፉት ሠራተኞች አልሰሙትም። ያን ዕለት ሙሉ በሙሉ አመነችው ማለት አይቻልም። ሆኖም እስከ ወንዙ ድልድይ አብረው ሄዱ፤ በማግስቱም እንዲሁ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ቀናው ሽማግሌ ላከ። አሰጋሽን ያሳደጓት አጎቷ አቶ አምባው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ልጁ ተመልሶ ወደ ባሕሩ ይሄድ እንደሆነ። እንደማይሄድ ሲነገራቸው ቀን ቆረጡ። ሙሽሮቹ ቃሊቲ አካባቢ፣ ጓሮ ያላት ቤት ተከራይተው ገቡ።