የማን ክረምት ነበር

ነጋሳ ከጣሪያው ላይ የመጀመሪያውን እቅፍ ሣር ነቅሎ ሲወረውረው፣ ፀሐይ በተከፈተው ቀዳዳ ገብታ የቤቱ መሬት ላይ ተዘረጋች። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ብርሃን አይቶ አያውቅም። ጥላሸት የጠገበው ማገር፣ ጎተራው ያረፈበት ክብ ምልክት፣ ሁሉም ድንገት እንደተገለጠ ገበና አፈጠጠ። እልፍነሽ ከናዝሬት ያመጣችውን የስኳር ጥቅል እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማ፣ የተወለደችበት ቤት ሲፈርስ እንደ እንግዳ ታያለች። እንግዳ መሆኗ ነበር የሚያንገበግባት።

«አከም ጅርታ፣ እልፍነሽ!» ሲል የእህቷ ባል ነጋሳ ከላይ በኦሮምኛ ሰላም አላት።

ወሩ ግንቦት፣ ዘመኑ ሰባ ስምንት ነው። መቂ አካባቢ ያለው ገበሬ ቤቱን በገዛ እጁ እያፈረሰ፣ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ አዲሱ መንደር እንዲገባ ታዟል። በአዲሱ መንደር ጎጆዎቹ በገመድ እየተለኩ በሰልፍ ይቆማሉ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ለዚህ ቤት የቆረጠለት ቀን ዛሬ ነበረች።

እልፍነሽ ግን የመጣችው ለቤቱ አይደለም፤ እናቷን ልትወስድ ነው። ወይዘሮ አማረች ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከትልቋ ልጃቸው ከዘርፉና ከባሏ ከነጋሳ ጋር ይኖራሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አዲሱ ቤት እስኪቆም ዳስ ውስጥ መክረማቸው ነው። «እኔ ጋ ይምጡ፤ ከዚያ ወዲያም ከእኔው ጋር ይኑሩ» ብላ ባለፈው ወር ላከችባቸው። ናዝሬት ባለችው አንዲት ክፍሏ፣ ከልብስ ስፌት መኪናዋ አጠገብ አልጋ ዘርግታ፣ አዲስ ብርድ ልብስ ገዝታ፣ ከቀበሌዋ ወረቀት አጽፋ ነው የመጣችው። እናትየውም እሺ ብለው ልብሳቸውን በነጠላ ቋጥረው ጠብቀዋታል። ይህ ለሰው የሚነገረው ነው። ለሰው የማይነገረው ደግሞ፣ ዘርፉ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እናት ነበራት፣ አሁን ተራው የእኔ ነው የሚለው ሐሳቧ ነበር።

አራት ዓመቷ ሳለ፣ ልጅ ያልነበራቸው የአባቷ እህት እትዬ ወርቅውሃ «አንዷን ስጡኝ» ብለው ከናዝሬት መጡ። የአገሩ ወግ ነው፤ ወንድም እህቱን እንዲህ ባለ ነገር እምቢ አይልም። የስድስት ዓመቷ ዘርፉ ከምሰሶው ኋላ ተደበቀች። እልፍነሽ ግን ሮጣ ሄዳ እንግዳዋ ጭን ላይ ጉብ አለች። በቃ፣ ያቺው ሄደች። እትዬ ወርቅውሃ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ትምህርት ቤት አስገቧት፣ ጫማ አደረጉላት፣ ሙያ አስያዟት። ሰው ሁሉ «ታድላ!» ይላታል። የታደለችው ሴትዮ ግን ዘርፉ እናቷን «አንቺ» ስትል በሰማች ቁጥር ሆዷ እርር ይላል። እሷ «እርስዎ» ነው የምትለው። አንድ ጊዜ አንቺ ልትላቸው ሞክራ ምላሷ እምቢ ብሏታል።

እኩለ ቀን ላይ ሥራው ጋብ አለና ሦስቱ ሴቶች ከግራሩ ሥር ቂጣ ሊቀምሱ ተቀመጡ። ነጋሳ «እኔ ሳልጨርስ አልወርድም» ብሎ ጣሪያው ላይ ቀረ። ዘርፉ ከቤቱ ጓሮ የሚያልፈውን የደረቀ ቦይ አየችና ወደ እናቷ ዞራ ፈገግ አለች።

«አዮ፣ ትዝ ይልሻል ክረምት ሲገባ? እንቁራሪቶቹ ሲጀምሩ አባዬ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ‹ዝም በሉ፣ ሰው ተኝቷል!› እያለ ሲቆጣቸው?»

«እነሱ መቼ ሰምተውት!» አሉ እናትየው።

«ሁሉም ጸጥ ይሉና ያ አንዱ ጓጉንቸር ብቻ ‹ቋ!› ሲል። ከዚያ አባዬ ጫማውን ሲወረውር። ጠዋት እኛ ጫማ ፍለጋ ጭቃ ስናቦካ!»

ወይዘሮ አማረች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እልፍነሽ ይህን ሳቅ አታውቀውም። ናዝሬት ለጥየቃ በመጡባቸው ዓመታት ሁሉ ሴትዮዋ ተሰብስበው ተቀምጠው፣ ሻይ ጠጥተው፣ መርቀው ነበር የሚሄዱት። እና ይህ ሁሉ ሳቅ ለዘርፉ ተቀምጦ ኖሯል? ያ «እኛ» የሚሉት ነገርስ?

«እኔም እኮ አንድ ትዝ የሚለኝ አለ» አለች ድንገት።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

«ክረምት ነው። አልተኛም ብዬ ሳለቅስ፣ እርስዎ አቅፈው ወደ ደጅ አወጡኝ። እነዚያን ብልጭ ድርግም እያሉ የሚበሩ አብሪ ትሎች ከሣሩ ላይ እየለቀሙ ጠጉሬ ውስጥ አደረጉልኝ። ከዚያ በእንስራው ውሃ ራሴን አሳዩኝ። መብራት በመብራት ሆኜ።»

ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ታይፎይድ ይዟት የተኛች ጊዜ፣ ላገባሽ ያላት ሰው ሳይሰናበታት አሥመራ የዘመተ ጊዜ፣ እትዬ ወርቅውሃን ቀብራ ባዶ ቤት የገባች ቀን፣ ዓይኗን ጨፍና ወደዚያች ማታ ትሄድ ነበር። ከዚህ ቤት ይዛው የወጣችው ያንን ብቻ ነው።

«ምነው እልፌ!» አለች ዘርፉ እየሳቀች። «ይህማ የእኔ ነው። እኔ ነኝ የነገርኩሽ! ዓይኔን ታምሜ ናዝሬት እናንተ ጋ የሰነበትኩ ጊዜ፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን። ስንቴ ‹ድገሚልኝ› ብለሽኛል!»

«ውሸትሽን ነው!»

«በእናቴ ሞት!»

«በእናትሽ! እሳቸውንም ያንቺ ብቻ አደረግሻቸው!» እልፍነሽ ብድግ አለች። «ሁሉን ወስደሽ ስታበቂ ይቺን አንዲቷን ትነጥቂኛለሽ?»

ዘርፉም ሳቋን ዋጠችው። «እኔ ነኝ የወሰድኩ? ጫማ ያደረገ ማነው? ፊደል የቆጠረ ማነው? እኔ እኮ ሦስት ወልጄ ነው መሠረተ ትምህርት ገብቼ ስሜን የጻፍኩት! አንቺ በዓውደ ዓመት ባማረ ቀሚስ ስትመጪ እዚያ በረት ውስጥ ገብቼ ነበር የምደበቀው። ዛሬ ደግሞ እናቴን ልትወስጂ መጣሽ። እሺ አልኩሽ፤ ምን ቀረሽ?»

ጣሪያው ላይ የነጋሳ ማጭድ ጸጥ አለ።

«እርስዎ ይናገሩ» አለች እልፍነሽ ወደ እናቷ ዞራ። «የማን ነው?»

ወይዘሮ አማረች የቂጣውን ፍርፋሪ ከቀሚሳቸው ላይ አንድ በአንድ ለቀሙ።

«የዘርፉ ነው» አሉ በመጨረሻ።

እልፍነሽ ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«አንቺን በሰኔ ወሰዱሽ» ቀጠሉ እናትየው፣ ማንንም ሳያዩ። «ክረምቱ ወዲያው ገባ። ይቺ ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ‹እልፌን አምጡ› ትላለች። አባትሽ ቢቆጣት አትሰማ፣ እኔ ባባብላት አትሰማ። እንቁራሪት ሲጮህ ‹እልፌ ናት፣ እየጠራችኝ ነው፣ ክፈቱልኝ› ብላ በሩን ትደበድባለች። ምን ላድርጋት? አንድ ማታ አወጣኋትና ትሎቹን ጠጉሯ ላይ አደረግሁላት። ‹ያውልሽ፣ እልፌ ከናዝሬት መብራት ላከችልሽ› አልኳት። ያን ለት ተኛች።»

ዘርፉ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ጥላ መሬት መሬት ታያለች።

«መብራቱን አስታውሳለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ማልቀሴን ግን አላስታውስም።» ተነሥታ ወደ ሣር ክምሩ ሄደች።

እልፍነሽ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ተፈልጋ ነበራ፣ ተለቅሶላት ነበራ። አልሆነላትም። እሷም እኮ በዚያው ክረምት ናዝሬት አልቅሳለች። ማን አቅፎ አወጣት? መብራት ተልኮልሻል ያላት ማን ነበር? የስድስት ዓመቷን ልጅ አሁንም ቀናችባት፣ በዚያች ማታ ስለታቀፈችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናትና ልጅ ወደ አስፋልቱ አዘገሙ። ዘርፉ እናቷን ጉንጭና ጉንጫቸውን ስማ፣ ሸኝታ እንኳ ሳትወጣ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ሣር መቋጠሯን ቀጥላ ነበር። እልፍነሽ ጥቅሉን ተሸክማ፣ በሌላ እጇ የእናቷን ክንድ ይዛለች። ክንዱ ቀጭንና ሞቃት ነው። በመንገድ ዳር ካሉት ሽንኩርት ሻጮች አጠገብ ሲቆሙ፣ አሁን የእኔ ናት ብላ አሰበች፤ በሐሳቧም አላፈረችም።

አውቶቡሱ ከዝዋይ በኩል የመንገዱን ዳር አቧራ እያስነሣ ብቅ አለ። ወይዘሮ አማረች በምርኩዛቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«መሄዱንስ እሄዳለሁ» አሉ። «ዛሬ ማታ ስታለቅስ ግን ማን አለላት?»

«ማን?»

«ዘርፉ ናታ።»

«ዘርፉ የሦስት ልጆች እናት ናት» አለች እልፍነሽ።

«እሱማ አውቃለሁ» አሉ።

ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ «ሞጆ፣ ናዝሬት! ሞጆ፣ ናዝሬት! እናንተ፣ ስንት ሰው ናችሁ?» አለ። እናትየው አንዴም አልተለማመጡም፤ የልጃቸውን አፍ ብቻ አዩ። እልፍነሽ የተዘረጋው አልጋ፣ መለያው ገና ያልተነሣለት ብርድ ልብስ ትዝ አላት። እንደ ልጅ እግሯን አንሥታ መሬቱን መርገጥ፣ የእኔ ናት ብላ መጮህ አማራት።

«ስንት ናችሁ እኮ?»

«ሂዱ» አለችው። «የሚሳፈር የለም።»

ሲመለሱ ቤቱ ራቁቱን ቆሟል፤ ምሰሶና ማገር ብቻ ቀርቶታል። እኒያ ጉልበቴን የሚሉት እናቷ ከቦዩ ጀምረው መሮጥ ቀራቸው። «ዘርፉ! ዘርፉዬ!» እያሉ፣ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ዞረው ሳያዩ። እልፍነሽ ጥቅሉን እንደያዘች ቦዩ አፋፍ ላይ ቀረች። እንዲህ ልትሆን ነው አውቶቡሱን የሰደደችው? እኔ ሞኝ! አለች በሆዷ።

ዘርፉ ከምሰሶዎቹ መሐል ወጣች። ገለባ ጠጉሯ ላይ ተበትኗል። እጃቸውን የዘረጉላትን እናቷን አልፋ፣ ቦዩን በአንድ እርምጃ ተሻግራ እልፍነሽ ፊት ቆመች። ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«መጣሽ?» አለቻት።