ማቆያው የወደቀ ዕለት

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለች ጠባብ ቢሮ አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ትሠራ ነበር። ሰው ሁሉ ጥርጥር ይላታል። ስሙን ያወጣላት የሲቲ ስካን ባለሙያው ነው፤ ከውጭ የመጣ ፋይል ሳይፈተሽ አይከፈትም እያለች መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጣችው። «አንቺ እኮ ስትወለጂም መጀመሪያ አዋላጇን መታወቂያ ጠይቀሻል» እያለ ይቀልድባታል።

ጥርጣሬዋ ግን ያለ ነገር አልነበረም። ከሌላ ክሊኒክ በሚላክ የታካሚ ምስል ውስጥ ተንኮለኛ ፕሮግራም ተደብቆ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከስምንት ዓመት በፊት፣ ሥራ በጀመረች በሦስተኛ ወሯ፣ የሆስፒታሉ ፋይሎች ሁሉ በሚቀመጡበት ዋና ኮምፒውተር፣ በሊኑክስ ሰርቨሩ ላይ፣ ሠራተኞቹ «ማቆያ» የሚሉትን ሶፍትዌር ጻፈች። ማቆያው የመጣውን ፋይል ለብቻው አጥሮ፣ ሌላውን እንዳያይ፣ ሌላውንም እንዳይነካ አድርጎ ይከፍተዋል። ፋይሉ ክፉ ከሆነ እዚያው ታጥሮ ይቀራል። ማቆያው በስምንት ዓመት አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ግን ጥርጥር ሥራ ላይ ነች ለማለት ያስቸግራል። አሳዳጊዋ የሆነችው አክስቷ ከትናንት ወዲያ ከደረጃ ወድቃ፣ ሰፈር ያለው ክሊኒክ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ መሆኑን አይቶ ልኳት ነበር። ጥርጥር እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ሸኝታት፣ ሰው ሠራሽ ጥርሷን በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ደጅ መቀመጥ ስላልሆነላት ቢሮዋ ገብታ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።

አራት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። የሲቲ ስካን ባለሙያው ነው። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

«ማቆያሽ ሞተ» አላት። «አስነሳዋለሁ፣ መልሶ ይሞታል። ከክሊኒኩ የመጣውን ምስል ልከፍት ስል ነው የጀመረው።»

«የትኛውን ምስል ጋሼ?»

«የአክስትሽን።»

«እናንተው ደግማችሁ አታነሷትም?»

«ማሽናችን ከቅዳሜ ጀምሮ ለጥገና ተፈትቶ ተቀምጧል። ቆይ፣ ቀዶ ጥገናውን የምትሠራላት ዶክተር ልታናግርሽ ነው።»

የሐኪሟ ድምፅ ቀዝቃዛና ፈጣን ነበር። «ስሚኝ፣ ምስሉን ሳላይ የቱ ጋ እንደምከፍት አላውቅም። ማቆያውን ተዪውና ፋይሉን በቀጥታ ክፈቺልኝ።»

«ዶክተር፣ ፋይሉ ውስጥ አንዳች ነገር ካለ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ መሣሪያዎች ሁሉ በዚሁ የኮምፒውተር መረብ ላይ ናቸው። አሥራ አንድ ሰው...»

«አሥር ደቂቃ እሰጥሻለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ አስከፍተዋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። የጥርጥር እጅ ማቆያውን ሊያልፈው ቃጣው፤ አክስቷ ናት፣ ማን ይፈርድባታል? ወዲያው አሥራ አንዱ አልጋ ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት፤ ከየአልጋው አጠገብም የተቀመጠ የሰው አክስት፣ የሰው ልጅ።

ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ፋይል ፈጠረችና ለማቆያው ሰጠችው። ማቆያው ሞተ። ጥፋቱ የአክስቷ ፋይል አይደለም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ፋይሉ ንጹህ ነው ማለትም አይደለም፤ ገና ማንም አልመረመረውም። የታመመው ማቆያው ራሱ ነው፤ የጻፈችው ደግሞ እሷ ናት።

ሰርቨሩን ለሚያስተዳድረው ባልደረባዋ ደወለች።

«ዛሬ ምን ነካካችሁ?»

«እኛ? ምንም። ነገ ለሚከፈተው የሕፃናት ክፍል ስድስት ፎልደር ጨመርን እንጂ።»

ኮዱን ከፍታ ወደ ታች ወረደች። ማቆያው ሲነሳ በቅድሚያ የሰርቨሩን ፎልደሮች ዝርዝር ያነባል፤ ከፋይሉ የሚደብቃቸው ማን ማን እንደሆኑ የሚያውቀው በዚያ ነው። ዝርዝሩን የሚያሳርፍበት ጊዜያዊ ማስቀመጫ ልኩ የተወሰነ ነው፤ አራት ሺህ ዘጠና ስድስት ፊደል። ከጎኑ በራሷ እጅ የተጻፈ ማስታወሻ አለ፤ «ከዚህ በላይ በጭራሽ አይሆንም።» የዛሬውን ዝርዝር አስቆጠረችው። አራት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ አንድ። ትርፎቹ ሠላሳ አምስት ፊደሎች ከቦታቸው አልፈው፣ ማቆያው የሚሠራበትን የማይነካ ቦታ ነክተው ስለሚያበላሹት ነበር የሚሞተው።

ስድስት ደቂቃ ሄዷል። ማስቀመጫውን አስፍቶ ሶፍትዌሩን እንደገና ለማዘጋጀት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። እስካሁን ያልተዘጋውን ስልክ ጨብጣ «እባክህ ስድስቱንም ፎልደር አውጣልኝ» አለችው።

«የማንን ፈቃድ...»

«በእናትህ! ሰው ጭንቅላቱ ተላጭቶ ተኝቷል!»

የቁልፎቹ ኳኳታ በስልኩ ይሰማታል። አንዱን አወጣ፣ ሁለተኛውን አወጣ። በአራተኛው ላይ የይለፍ ቃል ተሳሳተ፤ እንደገና ጻፈ። «ጨርሻለሁ» ሲላት ማቆያውን አስነሳችው። ቆመ። ፋይሉን ተቀበለ፣ ፈተሸ፣ ንጹህ መሆኑን ጻፈ፣ ከፈተው። የአክስቷ ራስ ቅል ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ በግራ በኩል ነጭ እድፍ ነበረበት። ምስሉን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ልካ ፊቷን አዞረች። ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሆኗል።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ሐኪሟ ወጥታ «ተርፋለች» አለቻት። ጥርጥር ኮሪደሩ ወለል ላይ ዘፍ ብላ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

በማግስቱ አለቃዋ ሁሉንም ሰብስቦ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቀ። ሁሉም ሰርቨሩን የሚያስተዳድረውን ሰውዬ ያይ ጀመር። «የእኔ ነው» አለች ጥርጥር። «ይበቃል ብዬ ልኩን የወሰንኩት እኔ ነኝ። ሲሞላ ምን እንደሚሆን አላሰብኩም።» አለቃዋ «በሉ ወደ ሥራችሁ» ብሎ ስብሰባውን በተነ፤ እሷ ደግሞ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ማስቀመጫው እንደ ዝርዝሩ ርዝመት እንዲሰፋ፣ መስፋት ካቃተው ደግሞ ምክንያቱን ተናግሮ እንዲያቆም አድርጋ ጻፈችው። ከዚያ በስምንት ዓመት የጻፈችውን ሁሉ መስመር በመስመር ማንበብ ያዘች። ሌሎች አራት እንዲህ ያሉ ቁጥሮች አገኘች። አንደኛው በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ የመድኃኒት መቆጣጠሪያ ውስጥ ነበር፤ ሊሞላ የቀረው የሁለት ወር ዕድሜ ነው። ያን ስታይ ሌላውን ሁሉ ትታ መጀመሪያ እሱን አስተካከለች።

አክስቷ ቤት ገብታለች። ትናገራለች፣ ትስቃለች፣ ጎረቤት ታማለች። ቀኝ እጇ ግን እንደ ድሮው አይጨብጥም። ሐኪሟ ያ ዘጠኝ ደቂቃ ለውጥ እንዳላመጣ ለጥርጥር ሁለት ጊዜ ነግራታለች፣ እሷም አምናታለች። ሆኖም ሹካው ከአክስቷ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ በጮኸ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ ብድግ ብላ ታነሳዋለች።