የመኖር መርዶ

ቡሽራ የሰዓቱን ጀርባ ከፍቶ ምን ሊያደርግ እንደነበር ረሳው። በአንድ ዓይኑ ላይ በሰካው ማጉያ ውስጥ ትንንሾቹ ጥርሶች ተቆላልፈው ቆመዋል፤ የትኛውን ሊያነሳ እንደነበር ግን ጠፍቶበታል። ወረንጦውን አስቀመጠው። በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሲኖር ሥራው እንዲህ የጠፋበት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ወንድሙን በቀበረ ማግስት።

ከጠረጴዛው ማዶ፣ ለደንበኛ በተቀመጠችው ዱካ ላይ፣ አቶ ገብረዮሐንስ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። የሚጠገን ሰዓት አልያዙም። ሽማግሌው የመጡት ከራጉኤል ቤተሰብ ተልከው ነው። ራጉኤል ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የቡሽራን ታናሽ ወንድም አብዱልሙሀይሚንን እዚሁ ፒያሳ፣ አብረው በሚሠሩበት ወርቅ ቤት ውስጥ፣ በመዶሻ መትቶ ገድሏል። ሞት ተፈርዶበታል።

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ እቤት እንመጣለን» አሉ አቶ ገብረዮሐንስ። «ሐጂ ኢልያስም ከኛ ጋር አሉ። እናትህ እሺ ካሉ የዕርቁ ደብዳቤ ላይ ይፈርማሉ። የይቅርታ ቦርዱ ነገ ጉዳዩን ሲያይ የሞቱ ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ይለወጥለታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እምቢ ካሉም ጉልበታቸውን ስመን እንመለሳለን።»

ቡሽራ ማጉያውን ከዓይኑ አወጣ።

«ጋሽ ገብረዮሐንስ፣ እኔን ከጠየቁኝ መልሴን ልንገርዎ። ያ ሰው እናቴ ቤት በልቷል። በዒድ ቀን ከኔና ከወንድሜ ጋር ከአንድ ትሪ ጎርሷል። ከዚያ ሄዶ ወንድሜን በእፍኝ ወርቅ ለወጠው። እንዲህ ያለው ካልሞተ ያ ሕግ ለማን ነው የተጻፈው?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አገላበጡ። ሽማግሌ ሆኖ ቶሎ የሚመልስ ሰው ለዕርቅ አይሆንም።

«እኔም ያንተ ቦታ ብቀመጥ እንደዚሁ እላለሁ» አሉ ቆይተው። «ሕጉም አለ፣ ፍርዱም ተፈርዷል። ግን እንዲፈጸም ርዕሰ ብሔሩ ማጽደቅ አለበት፤ ይኸው አሥር ዓመት ያ ፊርማ አልመጣም። ሰው ተናዶ ይገድላል፤ ስስት ይዞት ይገድላል። ቁርሱን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ እስክሪብቶ አንስቶ መግደል ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁን ማረሚያ ቤት ሄጄ አይቼዋለሁ። በር በተከፈተ ቁጥር ሊገድሉኝ መጡ እያለ ይነሳል። ያ ይበቃዋል ብዬ አይደለም የምነግርህ፤ ያየሁትን ነው።»

«ወንድሜስ? በር ሲከፈት የሚነሳበት ዕድል አገኘ?»

«አላገኘም» አሉ ሽማግሌው።

ቡሽራ ቢከራከሩት ይሻለው ነበር። ደግሞም ሥራውን ያስረሳው ክርክሩ አይደለም፤ ክርክሩንማ ከራሱ ጋር ሲከራከረው ኖሯል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቴ ራጉኤል እንደሞተ ነው የምታውቀው።»

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ እናቱ ረሂማ እንቅልፍ አጣች። አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ትጠብቀውና «ተፈጸመበት?» ትለዋለች። «ገና ነው» ይላታል። በማግስቱም ያው ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ይህችን አንዲት ጥያቄ ስትጠይቀው፣ ቀጥናና ጠቁራ ሲያያት፣ የዚያን ሰው ሞት ካልሰማች የምታርፍ አልመስለው አለ። አንድ ሐሙስ ቀን ታዲያ ገና ከደጁ «እማ፣ ተፈጸመ» አላት። ውዱእ አድርጋ ሰገደችና ተኛች። ቡሽራ የዚያን ሌሊት የእናቱን ጸጥታ እያዳመጠ፣ የልጅ ግዴታዬን ተወጣሁ ብሎ አሰበ።

ግቢው ውስጥ ስምንት አባወራ ነበር፤ ሁሉም እውነቱን ያውቃል፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። የሞት ወሬ ሲሆን እስኪነጋ ጠብቆ፣ ሽማግሌ አሰባስቦ፣ ተጠንቅቆ ማርዳት የለመደ ሰፈር፣ ለሐሰተኛው መርዶም ያንኑ ጥንቃቄ አላጓደለበትም። ጎረቤታቸው ማክዳ የፍርድ ቤት ወሬ በቴሌቪዥን ሲመጣ ድምፁን ትቀንሳለች። ሰፈሩ ፈርሶ ግማሹ ነዋሪ ሲበተን እንኳ ምስጢሩን ይዞት ሄደ።

አቶ ገብረዮሐንስ ባርኔጣቸውን አንስተው ቆሙ።

«በዕድሜዬ ብዙ መርዶ ተናግሬያለሁ» አሉ። «ሰው መኖሩን ግን አርድቼ አላውቅም። ይሄን አንተው ትነግራቸዋለህ። እኛ በስምንት ሰዓት በር ላይ እንቆማለን።»

ቡሽራ ሰዓቱን እንደተከፈተ መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈና ወደ አምስት ኪሎ አቅጣጫ በእግሩ ወጣ። ታክሲ መያዝ ይችል ነበር፤ ቶሎ መድረስ ግን አልፈለገም። ወንድሙ የተገደለበት ወርቅ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ሣር ተተክሏል፤ ሁለት ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ የሚናገረውን ለመደርደር ሞከረ። ከየትም ቢጀምር መጨረሻው አንድ ሆነበት። ዘጠኝ ዓመት በሰላም ያደረች ሴት ልትቀሰቀስ ነው። ያ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል ብሎ ሊነግራት ነው። ልጇን እንደ አዲስ ሊገድልባት ነው፤ ገዳዩ ደግሞ በዚህኛው ጊዜ ቡሽራ ራሱ ነው። ልቧም ደህና አይደለም፤ ሐኪሙ ካስጠነቀቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ረሂማ በር ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ቀኑ ሐሙስ ነው። ሰኞና ሐሙስ መጾም ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሽንኩርቱ ለማፍጠሪያ ነው።

«በዚህ ሰዓት?» አለችው ቀና ሳትል። «ያገሩ ሰዓት ሁሉ ተጠግኖ አለቀ?»

ሊስቅላት ፈልጎ አልሆነለትም። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። ከድልድዩ ጀምሮ የደረደረው ቃል ሁሉ በንኖ ጠፋ።

«እማ፣ ዋሽቼሻለሁ» አለ። «ራጉኤል አልሞተም። ፍርዱ አልተፈጸመም። በሕይወት አለ።»

ቢላዋው ቆመ።

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

«ዛሬ? ዛሬ አለ?»

«አለ። እናቱ ዓለምጸሃይ ባለፈው እሁድ ጠይቃዋለች።»

ረሂማ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነችና ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። ቡሽራ ልቧን አሰበ፤ ውሃ ላምጣ፣ ማክዳን ልጥራ፣ መኪና ልፈልግ እያለ ሊነሳ ተዘጋጀ። እጇን ስታነሳ ፊቷ በእንባ ርሷል። ግን የጠበቀው ፊት አልነበረም። አብዱልሙሀይሚን በሕይወት ሳለ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው፣ ከረጅም ጊዜ ወዲህ ያላየው ፊት ነበር።

«አልሀምዱሊላህ» አለች። ደገመችው። ሦስተኛውን በትንፋሽ ብቻ አለችው።

ቡሽራ ምንም አልገባውም።

«ፍርድ ቤት ምን እንዳልኩ ታስታውሳለህ?»

«ይሙት አልሽ።»

«አዎ፣ ይሙት አልኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ። ወር ሳይሞላ ጸጸተኝ። ሌሊት ሌሊት ያ ቃል አፌ ውስጥ አላድር አለ። ከሥራ ስትገባ ተፈጸመ ወይ የምልህ ለምን ይመስልሃል?»

«እንዲፈጸም ቸኩለሽ መስሎኝ።»

«ገና ነው ስትለኝ፣ እንግዲያው ነገ ሄጄ ቃሌን እመልሳለሁ እል ነበር። ደግሞ ሲነጋ እፈራለሁ። የልጄ ደም ምን ይለኛል፣ አንተስ ምን ትለኛለህ እያልኩ። ነገ ነገ ስል አንድ ሐሙስ መጣህና ተፈጸመ አልከኝ።»

«ግን ተኛሽ እኮ። የዚያን ሌሊት ድምፅሽ አልተሰማም።»

«ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ እንጂ መች ተኛሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ቡሽራ ራሱ አስታወሰው። ከዚያች ሐሙስ ማግስት ጀምራ ስልሳ ቀን በተከታታይ ጾማለች። ምስጋና ነው ብሎ ደስ ብሎት ነበር፤ የማፍጠሪያውን ቴምር እየመረጠ ይገዛላት የነበረውም እሱ ነው።

«የሰው ነፍስ ያጠፋ ስልሳ ቀን ይጾማል ሲሉ እሰማ ነበር» አለች። «ለኔ ይሁን አይሁን ሸህ እንኳ አልጠየቅኩም። ምን ብዬ? ሰው ገድያለሁ ብዬ? አፈርኩ። ስልሳው ሲያልቅም ጸጸቱ አልወጣልኝ አለ፤ ሰኞና ሐሙሱን ጨመርኩበት። በአፌ ነው የገደልኩት እያልኩ ይኸው ዘጠኝ ዓመት።»

ቡሽራ ጭንቅላቱን በእጁ ያዘ። ለእረፍቷ ብሎ የሰጣት ሞት ዘጠኝ ዓመት በጀርባዋ ኖሯል። ማንም እውነቱን ቢነግራት ሊያወርድላት ይችል ነበር፤ ስምንት አባወራ፣ በተለይም እሱ። አፈረ። ቢሆንም ከሁሉ በላይ የተሰማው ቅልል የሚል ነገር ነበር፤ ደረቱ ውስጥ ተጠምዞ የኖረ ብረት ሲላላ አወቀው።

«በስምንት ሰዓት ሽማግሌዎች ይመጣሉ» አለ። «የዕርቅ ደብዳቤ ይዘው። ይቅር ትይዋለሽ?»

ረሂማ ቀሚሷ ላይ የወደቀውን የሽንኩርት ልጣጭ አንድ በአንድ ለቀመች።

«ይሙት አለማለትና ይቅር ማለት አንድ ነው እንዴ? ልጄን ገድሎብኛል። ፊቱን ማየት አልፈልግም። እዚያው ይቀመጥ፤ በሩ ይዘጋበት፤ እዚያው ያርጅ። በኔ አፍ ግን አይሙት። ይህን የሚል ወረቀት ከሆነ አምጡት፣ እፈርማለሁ። ሌላ ነገር ጨምረው ከጻፉበት ግን አልነካውም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«አንተን ደግሞ ገና እጠይቅሃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ስታስርበኝ አላፈርክም።»

ቡሽራ ሳያስበው ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠበትና እናቱ በነጭ ሽንኩርት እጇ አንገቱን ያዘችው። «አብሽር» አለችው፤ በልጅነቱ ሲወድቅ የምትለውን። የቀትሩ የዙሁር አዛን ተሰማ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ሽማግሌዎቹ ሊደርሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቷቸዋል።

«ውሃ ስጠኝ» አለች ረሂማ።

«ጾም ነሽ እኮ።»

«ማን ሞቶ?»

ተነሥቶ ከጀሪካኑ ቀዳላት። የጣሳው ጠርዝ ጥርሷን ሲነካ ይሰማል። ቁልቁል እያየች፣ ሳታቋርጥ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ከዚያ ባዶውን ጣሳ ዘረጋችለት።

«ድገመኝ» አለችው።