የስካር ምስክር

ሰው ስካሩን ይደብቃል እንጂ ምስክር ቆጥሮ «ሰክሬ ነበር» ብሎ ይሟገታል? እንዳላማውን ያገኘው ግን ይኸው ነው።

እንዳላማው ደብረ ማርቆስ ለጣሊያን ካሚዮን ይነዳ ነበር። በኅዳር ሚካኤል ለጣሊያን ምሽግ ዱቄት ጭኖ ሲያልፍ፣ የሚካኤል ማኅበር ተረኛ አክስቱ ወይዘሮ የብርጓል ነበሩና «ጠበሉን ብቻ ቀምሼ ልውጣ» ብሎ ገባ። ጠበሉ ጠላ አስከተለ፣ ጠላው አረቄ። ሲወጣ መሬቱ አልረጋለት አለ። እንዲያም ሆኖ መሪ ጨበጠ፣ ያ ጅል! ካሚዮኑን ከድልድዩ ቁልቁል ገደል ከተተው። እሱ ጭረት እንኳ ሳያገኘው ተረፈ። ዱቄቱን ግን ጣሊያን እስኪደርስ አርበኞች ተሸክመው ሄደው ነበር።

ተይዞ ታስሮ ፍርድ ቤት በሚቀርብበት ጧት፣ ሁለት ጊዜ እዚያው ቆሞ የተፈረደበት እስረኛ፣ ፈንታ የሚባል፣ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ስማኝ። ዳኛው ጣሊያን ነው፤ በአስተርጓሚ ሰክረህ ነበር ወይ ይልሃል። አዎ በል። ለሰካራም ጅራፍና አንድ ዓመት እስራት ነው፣ ያልፋል። አልሰከርሁም ካልህ ግን አውቀህ ለሽፍታ ጣልኸው ይሉሃል። እሱ ስቅላት ነው።»

«ማን ያምነኛል?»

«ያጠጣህን ሰው ጥራ።»

እንዳላማው አክስቱን አስጠራ። ቀድሞ ሊያነጋግራቸው ቢለምን ዘበኞቹ በሰደፍ መለሱት። ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱ ልክ አጣ፤ አንገቱን በእጁ እየዳሰሰ ነው የሄደ።

ዳኛው ፊት ቆሞ «ሰክሬ ነበር፣ ጌታዬ» አለ።

ዳኛው ሳቀ። «ከስቅላት ለማምለጥ ሁሉም እንዲህ ይላል። ምስክሯ ትግባ» አለ በአስተርጓሚው።

ወይዘሮ የብርጓል ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ስለ ዱቄቱም ስለ ስቅላቱም የነገራቸው የለም። በአገራቸው ወግ ደግሞ ዘመድ ለምስክርነት የሚጠራ የዘመዱን ነውር ሊሸፍን እንጂ በአደባባይ ሊገልጥ አይደለም።

«ይህ ሰው በዚያ ቀን ቤትሽ ጠጥቶ ሰክሯል?» አለ አስተርጓሚው፣ በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት አንቺ እያለ።

ሴትዮዋ ተቆጡ። ሚካኤልን አጥብቀው ይፈራሉ፤ ቢሆንም እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ሚካኤል ይፍረድብኝ! የዚህ ልጅ አፍ መጠጥ አያውቅም። ከቤቴ ውሃ ጠጥቶ ነው የወጣ!»

«አክስቴ፣ በእመቤታችን ይሁንብዎ፣ እውነቱን ይንገሩ! አረቄውን በእጅዎ ቀድተውልኛል!» ብሎ ጮኸ እንዳላማው።

«ዝም በል ልጄ፣ በገዛ አፍህ ስምህን አታጉድፍ» አሉት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዳኛው ብዕሩን ነክሮ ጻፈ። ብዙም አልጻፈ። አስተርጓሚው ወደ እንዳላማው ጆሮ ጠጋ ብሎ «ነገ፣ ገበያው መሐል» አለውና ፊቱን አዞረ።

ዘበኞቹ ሲያወጡት ወይዘሮ የብርጓል በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፣ ፊታቸው ግን በርቷል።

«በሐሰት የማልሁበትን ንስሐ እገባለሁ፤ ለአንተ ያልሆነች ነፍስ ለማን ልትሆን» አሉ። «ሲለቁህ በቀጥታ ወደ ቤት ና። ያቺን ጠላ አስቀምጬልሃለሁ።»

እንዳላማው አያቸው።

«እሺ አክስቴ፣ እመጣለሁ» አላቸው።