የወረቀት ክራባት

የተማሪዬ አያት አርጂያ በአንድ እጇ የወረቀት ክራባት፣ በሌላው ሚስማር የተመታበት እንጨት ይዛ ስብሰባው ላይ ሰተት ብላ ስትገባ፣ ዛሬስ አለቀልኝ አልኩ። ወላጆች የሚወስኑት ልጆቹ እንጨትና ሚስማር የሚያገጣጥሙበት የመጫወቻ ጠረጴዛችን ወጥቶ የጽሕፈት ደብተር ይግባ አይግባ የሚለውን ነበር። ለአምስት ዓመት ልጅ ደብተር! በሠላሳ አምስት ዓመት የመዋለ ሕፃናት መምህርነቴ ይህን ጭቅጭቅ ስንቴ እንደሰማሁት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

«እዩልኝ!» አለች። «የልጅ ልጄ ኤሊያ አምና ለአባቶች ቀን የሠራው ይኸውላችሁ። ጠርዙ እንኳ ዝንፍ አላለም። ዘንድሮ ደግሞ ይሄን ጉድ አምጥቶ ጀልባ ነው ይለኛል! ሲጫወት እየዋለ ልጁ ወደ ኋላ ሄደ!»

«አርጂያ፣ ጀልባው አራት ጊዜ ሰጥሞበታል» አልኳት። « ክብደቱ ወዴት እንዳዘነበለ ራሱ ነው የደረሰበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲለካ፣ ሲቆጥር፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲከራከር…»

«ሲጫወት ነበር በይና ገላግይኝ!»

«አዎ፣ ሲጫወት ነበር!»

ሁሉም ሳቁ። ደብተር ይግባ የሚሉ እጃቸውን ሲያወጡ፣ ገና ከመጀመሪያው አሥራ አንድ እጅ ቆጠርኩ። ደሜ ፈላ፤ የፈላው ግን በራሴ ነው።

በእኛ አገር በአባቶችም ሆነ በእናቶች ቀን ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚሄድ ሕፃን የለም። ቤተሰብ የሚያምር ነገር ይጠብቃል። እኛ መምህራን ደግሞ ልጆቹ ሲተኙልን የሃያ አምስቱንም ቆርጠን እንለጥፋለን፤ ሲነቁ ጣታቸውን ቀለም አስነክረን አንዴ እናስነካና «ልጅዎ ሠራው» እንላለን። ሁላችንም እናደርገዋለን፣ አንዳችንም ትንፍሽ አንልም። ሲያጌጡ ይመላለጧል ማለት ይሄ ነው።

«ክራባቱን የሠራሁት እኔ ነኝ!» አልኩ። «የኤሊያን ብቻ አይደለም፣ የሁሉንም! ጀልባውን ግን አልነካሁትም። ጠማማ የሆነው ለዚያ ነው!»

የወጡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። አርጂያ ክራባቱን አገላብጣ አየችው። የኤሊያ አባት፣ ልጇ ሎሪስ፣ አጠገቧ ተቀምጧል። እሱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ሎሪስ ትንሽ ሆኖ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለእናቶች ቀን ቀይ ልብ አምጥቶልኝ ነበር። እስከ ዛሬ ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል። እሱስ፣ ኖርማ?»

ልዋሽ ነበር። ግን መዋሸት ታከተኝ።

«እሱንም እኔ ነኝ።»

አርጂያ ወደ ወላጆቹ ዞራ፣ «ጠረጴዛውን እንዳትነኩባቸው» አለች። ጀልባውን ሎሪስ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ያዝ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ? ልጅህ የሠራልህ ነው። እኔ አንድም የለኝም።»