አንድ ዓይን በብራና ላይ

ወለተሐና በሥዕሉ ላይ አንድ ዓይን ብቻ እንዳላት ያወቀችው ብራናው በበቅሎ ተጭኖ የጎረቤላን መንደር ካለፈ በኋላ ነበር። የነገረቻትም ጎረቤቷ ወለተ ሥላሴ ናት፣ ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ።

«ሠዓሊውን አለቃ ገብረአብን ምን አድርገሽው ነው?» አለቻት እየሳቀች። «ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ በጎኑ በአንድ ዓይን እንደሚሳል ሕፃን ያውቀዋል። አንቺን ከሰይጣን ጭፍራ ደመረሽ እኮ።»

ወለተሐና እንስራዋን መሬት አስቀመጠች።

የንጉሡ ግቢ ወደ እንጦጦ ከተነሣ ወዲህ አንኮበር በየክረምቱ እየሳሳች ነበር። ኮርቻ ሰፊው ሄደ፣ አናጢው ሄደ፣ የስንቱ ቤት ጣሪያ ወደ ውስጥ ወደቀ። አለቃ ገብረአብ ይህን ሁሉ በረጅም ብራና ላይ መንደር በመንደር ሣለው። አዝማሪው ወልደአረጋይ ደግሞ ብራናውን እያስዘረጋ በማሲንቆ እየዘፈነ፣ እንጦጦ ላሉት አንኮበሮች አገራቸውን ሊያሳያቸው ተነሣ። ከመሄዱ በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዘርግቶት ነበር፤

አንኮበር ደገኛ፣ ምን ሆነሽ ከረምሽ፣
ጢሱ ጠፋ አሉኝ፣ ከሣሩ ክዳንሽ።

ያን ጊዜ ወለተሐና የገዛ ደጇን ስታይ እንባ ጋረዳትና ፊቷን ሳታጣራ ቀረች።

አልታየች የምትባለው አንድ ልጇ አናጢ ባሏን ተከትላ ወደ እንጦጦ ስትሄድ፣ «ከወጣሽ ወዲያ እናት የለሽም» ብላታለች። ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ በሯን ቀርቅራ አታውቅም፤ መሽቶባት ብትመጣና ዝግ ብታገኘው፣ «ቃሏን አጸናች» ብላ እንዳትመለስ።

እንስራዋን እዚያው ትታ ወደ ሠዓሊው ሄደች።

«ፊትሽን መቼ ሰጠሽኝ?» አላት አለቃ። «ባለፍሁ ቁጥር ወደ መንገዱ ዞረሽ ነው የማገኝሽ። ያየሁትን ሣልሁ።»

«ልጄ ይህን በምን ታውቃለች? እናቴ ዛሬም ክፉ ናት ትላለች እንጂ።»



ወልደአረጋይ ጥምቀት ሲቃረብ ተመለሰ። እስከዚያ ወለተሐና ልጇን በልቧ ስንቴ ቀብራት፣ ስንቴ በእናቷ ስታፍር አይታት ነበር።

«አየችው?» አለችው፣ ሳይቀመጥ።

«አየችው እመይቴ። መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ፤ ‹ይቺ ደግሞ የማን ክፉ ናት› አሉ። እሷ ግን ማሲንቆዬን አስቆመችኝና ጣቷን በሩ ላይ አደረገች። አለቃ ሰማዩን አጨልሞ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሣለው። ‹እናቴ ጅብ ትፈራለች› አለች። ‹ጀንበር ሳትጠልቅ ነበር የምትቀረቅረው። ይህ ለእኔ ነው።›»

«ከዚያስ?»

«ሕዝቡ ‹ቀጥል› እስኪል ማሲንቆዬን አላስነካችኝም። ኋላ፣ ‹ለፋሲካ እመጣለሁ፤ እስከዚያ በሯን ትዝጋ፤ አንኳኳለሁ በላት› አለችኝ።»

«ለፋሲካ?» አለች ወለተሐና። «በልጉ ገብቶ፣ ወንዙ ሞልቶ? ደግሞ ነፍሰ ጡር ብትሆንስ?»

«የነገረችኝ ይኸው ነው፤ ሌላውን አልዘፈንሁም እመይቴ» አለና ሄደ።

ሲመሽ ደጃፏ ላይ ቆመች። መንገዱ ከዓይኗ እስኪጠፋ አየችው። ከዚያ ገባችና ኳኳታው እንዳያመልጣት መኝታዋን ከበሩ ሥር አነጠፈች። መቀርቀሪያው ሁለት ክረምት አብጦ እምቢ አላት። በመዳፏ መታችው፣ ደግማ መታችው፤ ገባ።