ሩክሳው እስኪመጣ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ሐበሻ ለሥራ አንድ ጣሪያ ሥር ይሰበሰባል ብሎ ማሰብ በዚያ ዘመን የሞኝ ሐሳብ ነበር። ልብስ ሰፊው መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ጸጉር ሠሪዋ ጓሮ፣ ስልክ ጠጋኙ ዛፍ ሥር ይሠራል፤ ከሻ የሚሉት አፈሳ በመጣ ቁጥር ሁሉም ዕቃውን ጥሎ ይሮጣል። ብፅአት ግን ሚሌኒየሙ ባለፈ በዓመቱ ይህን የሞኝ ሐሳብ ያዘችና አልለቅም አለች። ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ያደገች፣ አርባን ያለፈች፣ አፏ የማይመለስ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ሰፊ ክፍል ተከራይተን፣ መብራቱንና ማራገቢያውን ተጋርተን፣ ሱዳኖቹ ሩክሳ የሚሉትን የሥራ ፈቃድ አውጥተን፣ በራችንን ከፍተን እንሥራ ነው የምትለው።

በጋውን ሙሉ በየቤቱ ዞረች። አንዱ "ደንበኛዬን ይነጥቁኛል" አላት፤ ሌላው "ማን ጆሮ ጠቢ እንደሆነ በምን አውቃለሁ" አለ። እዚያው ገዳሪፍ የተወለደው ስልክ ጠጋኙ ከማሉማ ሳቀባት።

"ወላሂ እትዬ ብፅአት፣ ሐበሻ ለለቅሶ ካልሆነ አይሰበሰብልሽም። ኸሊሁ፣ ተይው።"

"አንተ ብቻ ና፣ ሌላውን ለእኔ ተወው" አለችው።

መጀመሪያ እሺ ያለቻት ማኅደር ነበረች፤ ከአገር ቤት፣ ከሶሮቃ የመጣች ሹሩባ ሠሪ፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። "አንቺ ካለሽበት እኔ ምን እፈራለሁ" አለቻት። ሌላው እርሷን አይቶ ተከተለ፣ ከማሉም እያጉረመረመ መጣ። ማኅደር ባትኖር ያ ክፍል ሰው አይገባበትም ነበር፤ ይህን ብፅአትም አትክድም።

ክረምቱ ሲወጣ ክፍሉ ሞላ። የቀረው ሩክሳው ብቻ ነው። ከማዘጋጃ ቤት የሚመጣው ሹም ቦታውን አይቶ ይፈርማል። የሰው ግርግር ካየ ግን እንደማይፈርም ሁሉም በልቡ ያዘ። ማን ነገራቸው ቢባል፣ ማንም አልነገራቸውም፤ ፍርሃታቸው ነው የነገራቸው።

ሹሙ ሐሙስ ሊመጣ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ የሶሮቃ ሰው ብፅአትን ከበር ውጭ ጠራት። የማኅደር እናት ሞታለች። ወጉ የታወቀ ነው፤ መርዶ ለታላቅ ይነገራል፣ ታላቁ ሰው ይሰበስባል፣ ጎህ ሲቀድ ደጇ ላይ ሆነው ያረዷታል፣ ከዚያ ለቅሶ ይቀመጣሉ። ማኅደር የምታድረው ሴቶች በተጨናነቁባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ለለቅሶ የሚበቃ ስፍራ ያለው እዚሁ የሥራ ክፍላቸው ነበር።

"ከሐሙስ በኋላ ይሁን" አለች ብፅአት።

ክፉ ሴት አልነበረችም። መርዶ ማቆየት ነውር አይደለም፤ መንገደኛ እስኪገባ፣ አራስ እስክትጠና ይቆያል። ለሩክሳ ሲባል የቆየ መርዶ ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም። ለእያንዳንዳቸው በጆሯቸው ነገረቻቸው፣ እነርሱም አንገታቸውን ደፍተው እሺ አሉ።

ሐሙስ ሹሙ ቀረ። "ቡክራ" አሉ ከቢሮው፣ ነገ ማለታቸው ነው። ነገም ቡክራ ሆነ። ሳምንት አልፎ ሁለተኛው ገባ። ማኅደር እየሳቀች ትሠራለች፤ ሌሎቹ ዓይኗን እየሸሹ ያጎነብሳሉ። "ምነው ዘጋችሁኝ? ሩክሳው ነው እንዲህ ያኮሳተራችሁ?" ትላቸዋለች። አንድ ቀን አበባ ያለበት ጨርቅ ይዛ መጣች።

"እትዬ፣ ለእማዬ ቀሚስ ስፊልኝ። ለገና አገር የሚገባ ሰው አግኝቻለሁ።"

"ልኳን ሳላውቅ?"

"በእኔ ልክ ናት። ከወገቧ ብቻ ትንሽ አስፊው።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ የልጅቱን ትከሻ ለካች፣ ወገቧን ለካች። ከማሉ አላስችል ብሎት ወጣ። በዕድሜዋ እንደዚያ ተጠንቅቃ የሰፋችው ልብስ የለም። አሳፋሪ ነገር ነው፣ ግን ሰፋችው።

ቀሚሱ ተተኩሶ በታጠፈ ማግስት ማኅደር ገበያ ወጣች። አንድ የአገሯ ሰው መንገድ ላይ አግኝቷት "እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እናትሽ ደግ ሴት ነበሩ" ብሏት አለፈ። የተረዳች መስሎታል። ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና አንድ በአንድ አየቻቸው። ማንም ቀና አላለም። መጨረሻ ላይ ዓይኗ ብፅአት ላይ አረፈ።

"ስትለኪኝ ታውቂ ነበር?"

"ሩክሳው ካለቀ በኋላ ልነግርሽ... ለሁላችን ብዬ ነው፣ ልጄ።"

"ታውቂ ነበር ወይ ነው ያልሁሽ።"

"አዎ።"

ማኅደር ማበጠሪያዎቿንና ክሮቿን ሰብስባ ወጣች። ብፅአት "እዚሁ እንቀመጥ፣ ለቅሶው እዚሁ ይሁን" እያለች እስከ መንገዱ ተከተለቻት፤ ዞራም አላየቻት። ከማሉ መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቀለለ። "እኛም አውቀን ዝም ብለናል፣ አንቺን ብቻ አልኮንንም" አላት። "ግን እዚህ ቁጭ ብዬ መሥራት አልችልም፣ ወላሂ።" ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ሄዱ።

በማግስቱ ብፅአት ለቅሶው ቤት ደረሰች። ጠባቧ ክፍል ሞልታ፣ ሰዉ ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ማንም ጠጋ አላለላትም፣ ማንም ቁጭ በይ አላላትም። ልቧ ተሰበረ። ጥቂት ቆማ ተመለሰች።

ሹሙ የመጣው በበነጋው ነው። ሽበታም፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ባዶዎቹን ወንበሮች አየና በዐረብኛ "ሰዎቹስ?" አላት።

"ለቅሶ ላይ ናቸው። የአንዷ እናት ሞታ።"

ሰውዬው ወዲያው መዳፎቹን ዘርግቶ ለሟቿ ፋቲሓ ቀራ፣ ፊቱን አበሰ። "ታዲያ ይህን የመሰለ ሰፊ ቦታ እያላችሁ ለምን እዚህ አልተቀመጣችሁም?"

"ሩክሳውን ትከለክለናለህ ብለን።"

"ለቅሶ ተቀመጣችሁ ብዬ?" ከልቡ ገረመው። "እኛስ ሰው አይሞትብንም እንዴ?"

ወረቀቱን የስፌት መኪናዋ ላይ አስደግፎ ፈረመና ሰጣት። "የለቅሶው ቤት የት ነው? በዚያው ልድረሳቸው።"

ብፅአት ቤቱን ታውቀዋለች፤ ትናንት ደጁ ላይ ቆማለች። ይህ ሰው እዚያ ደርሶ የነገራትን ቢደግመው ግን ማኅደር ትሰማለች።

"አላውቀውም" አለችው።